ሞተሩ ይቀየር ወይስ መኪናው?

 

ባለፈው ቅዳሜ እኛ ቤት ጉባዔ ተቀምጦ ነበር። ሰብሳቢ አባባ፣ ቃለ ጉባዔ ያዥ እኛ፣ አጀንዳ ቮልሷ። ቮልሷን አታውቋትም እንጂ ብታውቋት ትወዷት ነበር። ከታላቅ ወንድማችን በዕድሜ ትበልጣለች፣ ሦስታችንንም ከሆስፒታል ወደ ቤት ያመጣችን እሷ ናት። አሁን ግን ዘይት ትበላለች። የቸርችል ጎዳና ዳገት ላይ ስትደርስ ማርሽ አንድ አስገብተንላት እንኳ ታቃስታለች፤ ከኋላዋ የሚመጣ ታክሲ ደግሞ በጡሩምባ ያሳብደናል። መካኒካችን ጋሼ ኮፈኗን ከፍቶ አየና፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ሞተሯ ይውረድና እንነጋገር» አለ።

እንነጋገር ያለው እሱ ነው፤ የተጣላነው ግን እኛ ነን። ወንድማችን «ሞተሩ ከወረደ አይቀር ትልቅ ይግባላት፣ ሁለት ካርቡራቶር ይታሰርላት፣ የስፖርት መኪና እናድርጋት» ይላል። እህታችን «ሸጠን፣ የዕቁቡን ብር ጨምረን፣ የሰው መኪና የሚመስል እንግዛ» ትላለች። እማዬ በበኩሏ «የዕቁቡ ብር ለጣሪያው ነው የወጣው» ብላ ቡናዋን ትቆላለች። አባባ ዝም። ዝም ሲል ደግሞ እናውቀዋለን።

ጋዜጠኝነት የተማረ ሰው ጠብ ሲያይ ማስታወሻ ደብተር ያወጣልና፣ እኛም ነገሩን ከሥሩ ልናጣራ ተነሳን። ስናጣራ ምን አገኘን መሰላችሁ? ይህ የእኛ ሳሎን ክርክር ጀርመን አገር አንድ ፋብሪካ ውስጥ ከሰባ ዓመት በላይ ሲካሄድ ኖሯል! የሚገርመው ደግሞ የክርክሩ መነሻ የእኛዋ የቮልስ ሞተር መሆኑ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት «ዓ.ም» ካላልን በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከቮልስ ሆድ የወጣ

ነገሩ የሚጀምረው በ1948 ነው። ፌሪ ፖርሽ የሚባል ሰው፣ አባቱ ፈርዲናንድ የነደፉትን የቮልስዋገን ሞተር ወሰደ። ሞተሩ ከኋላ የሚቀመጥ፣ አራት ሲሊንደሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ የተኙ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ነው። ራዲያተር የለውም፣ ውሃ አይጠይቅም። ስፋቱ 1,131 ሲሲ ሲሆን ጉልበቱ 25 ፈረስ ገደማ ነበር። እነ ፌሪ ነካክተው ወደ 35 አደረሱትና ቀለል ያለ ቆርቆሮ አለበሱት። ፖርሽ 356 የሚባለው የመጀመሪያው መኪና ይኸው ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፦ ዛሬ ዓለም የሚቀናበት የስፖርት መኪና ፋብሪካ ሥራውን የጀመረው «የድሮውን ሞተር እናሻሽል» ብሎ ነው። ወንድማችን ይህን ሲሰማ አንድ ነጥብ አስመዘገበ።

356ን እስከ 1965 ሠሩት። በነዚያ ዓመታት ሞተሩ ከ1,100 ወደ 1,300፣ ወደ 1,500፣ ወደ 1,600 እያለ አደገ። ኤርንስት ፉርማን የሚባል መሐንዲስ ደግሞ ለእሽቅድምድም የሚሆን፣ አራት ካምሻፍት ያለው ሞተር ነደፈ። የፉርማንን ስም ያዙልን፤ ኋላ ላይ ይመጣል።

ሆኖም አንድ ቦታ ላይ ማሻሻሉ በቃው። አራቱ ሲሊንደር መስጠት የሚችለውን ሰጥቶ ጨረሰ። ስለዚህ በመስከረም 1963 ፍራንክፈርት በተካሄደው የመኪና ትርዒት ላይ ፖርሽ አዲስ መኪና ይዞ ቀረበ። ስሙ 901 ነበር። ፔዦ «መሐሉ ዜሮ የሆነ ባለ ሦስት አሃዝ ስም የእኔ ነው» ብሎ ስለተቆጣ 911 ተባለ። ሞተሩ አሁንም ከኋላ፣ አሁንም በአየር የሚቀዘቅዝ፤ ሲሊንደሮቹ ግን ስድስት፣ ስፋቱ ሁለት ሊትር፣ ጉልበቱ 130 ፈረስ። እዚህ ላይ ነጥቡ የእህታችን ነው፤ አንዳንድ ጊዜ አዲስ መግዛት (ወይም መሥራት) ግድ ይላል።

38 ሚሊሜትር

አሁን ትንሽ ጋራዥ እንግባ። አትፍሩ፣ ዘይት አናስነካችሁም።

የ911 ሞተር ሲነደፍ በአንዱ ሲሊንደር መሐልና በጎረቤቱ ሲሊንደር መሐል ያለው ርቀት 118 ሚሊሜትር እንዲሆን ተወሰነ። የመጀመሪያው ፒስተን ስፋት ግን 80 ሚሊሜትር ብቻ ነበር። ቀሪው 38 ሚሊሜትር ባዶ ቦታ ነው፤ ለቀጭኑ የሲሊንደር ግድግዳ፣ ለማቀዝቀዣ ክንፎቹና ለነፋስ መተላለፊያ የተተወ። ሲሊንደሮቹም ልክ እንደ ቮልሷ አንድ በአንድ ተለይተው የሚወጡ ናቸው። ስለዚህ ሞተሩን ማሳደግ ሲፈለግ ከሥር መጀመር አያስፈልግም። ሰፋ ያለ ሲሊንደርና ፒስተን ማስገባት፣ ሲያስፈልግ ኮሎውን መቀየር ነው።

ያቺ የተተወች ቦታ ስንት ዓመት እንዳበላች ተመልከቱ። በ1969 ፒስተኑ 84 ሚሊሜትር ሆነና ሞተሩ 2.2 ሊትር ደረሰ። ትንሽ ቆይቶ ኮሎው ተቀይሮ 2.4 ተባለ። በ1973ቱ ካሬራ አርኤስ ፒስተኑ 90 ሆነ፤ ሞተሩ 2.7 ሊትር፣ ጉልበቱ 210 ፈረስ። ያቺን መኪና ለውድድር ፈቃድ ሲሉ 500 ብቻ ሊሠሩ አስበው 1,580 ሠርተው ሸጡ። ከዚያ 95 ሚሊሜትርና ሦስት ሊትር፣ ቀጥሎ 3.2 መጣ። በ1989 ሞዴል ፒስተኑ 100 ሚሊሜትር፣ ሞተሩ 3.6 ሊትር፣ ጉልበቱ 250 ፈረስ ሆነ። ርቀቷ ያው 118 ናት! በሩብ ምዕተ ዓመት ውስጥ ጉልበቱ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው፤ የመሠረቱ ንድፍ ግን ያው።

ከዚህ የተማርነው ይህ ነው፦ ሞተር የሚሻሻለው መጀመሪያ የነደፈው ሰው ቦታ ከተወለት ነው። ቦታ ያልተተወለትን ሞተር «እናሳድግ» ማለት በጠባብ ቤት ሠርግ መደገስ ነው።

ሲበዛ ማር ይመራል

ወንድማችን እስከዚህ ድረስ ፈገግ ብሎ ነበር የሚያዳምጠን። የሚቀጥለውን ስንነግረው ግን ቡናው ቀዘቀዘበት።

ፖርሽ ክብደት ለመቀነስ ብሎ ከ1968 ጀምሮ ሲሊንደሮቹ የሚታሰሩበትን የሞተር አካል በማግኒዥየም ይሠራ ነበር። ማግኒዥየም ቀላል ነው። ለሁለት ሊትሩ ሞተር በቂ ነበር፣ ለ2.2ቱም እንዲሁ። ሞተሩ 2.7 ሲደርስ ግን ሙቀቱ በዛ። በተለይ አሜሪካ ከ1975 እስከ 1977 የተሸጡት የጭስ ማውጫ ሕጉን ለማሟላት የተገጠመላቸው ዕቃ ሞተሩን ይበልጥ አጋለው። ብረቱ ሲግልና ሲቀዘቅዝ ቴስታታውን የሚይዙት ረጃጅም ብሎኖች ጥርሳቸው ከማግኒዥየሙ እየተነቀለ መውጣት ጀመረ። ብሎን ሲለቅ ምን እንደሚከተል የእኛ ሰፈር ሕፃን እንኳ ያውቀዋል፦ ሞተር ይወርዳል፣ ኪስም አብሮ ይወርዳል። ፋብሪካው መልስ ያገኘው ሦስት ሊትሩን ሞተር በአሉሚኒየም አካል ሲሠራ ነው።

ሌላም አለ። ገና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከኋላ የተንጠለጠለው ሞተር መኪናዋን ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ጭራዋን እንድትወረውር ያደርጋት ነበር። ስለዚህ ለ1969 ሞዴል የኋላ ጎማዎቹን 57 ሚሊሜትር ወደ ኋላ ገፏቸው። በ1974 ፓሪስ ላይ 260 ፈረስ ያለው ቱርቦ ቀረበ። በ1978 ጉልበቱን ወደ 300 ሲያሳድጉት ደግሞ ፍሬኑን ከ917 የእሽቅድምድም መኪናቸው ንድፍ ወሰዱለት። ሞተሩ ብቻውን ያደገበት ጊዜ አልነበረም ለማለት ነው። ጎማው፣ ፍሬኑ፣ ካምቢዮው፣ ሻንሲው አብረው ነው ያደጉት። ቮልሳችን ፍሬኗ አራቱም ጎማ ላይ ከበሮ ነው። ወንድማችን ሁለት ካርቡራቶሩን ሲያልም ከቸርችል ዳገት መውጣቱን እንጂ መውረዱን አላሰበም ነበር!

የቆጡን አወርድ ብላ…

አሁን የእህታችን ተራ ነው።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ የፖርሽ አለቆች «ይህ ከኋላ የተቀመጠ ሞተር ዘመኑ አልፏል» ብለው ወሰኑ። ምክንያታቸው የዋዛ አልነበረም። አሜሪካ፣ ማለትም ትልቁ ገበያቸው፣ የጭስ፣ የድምፅና የአደጋ መከላከያ ሕግ በላይ በላይ እያወጣች ነበር፤ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ደግሞ ጯሂ ነው፣ ሙቀቱንም መቆጣጠር ይከብዳል። ስለዚህ ሞተሩ ከፊት የሆነ፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ፣ ስምንት ሲሊንደርና 4.5 ሊትር ያለው ምቹ መኪና ሠሩ። ስሙ 928 ነው። በ1977 ዤኔቭ ላይ ቀረበ፣ በማግስቱ ዓመት የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብሎ ተመረጠ። 911ን ጡረታ አስወጥቶ 928ን የመተካት ሐሳብ ዋና ደጋፊ ማን ነበር? ያዙልን ያልናችሁ ፉርማን! የድሮውን ሞተር በማሻሻል ስሙን የተከለው ሰው አለቃ ሲሆን አሮጌውን ሊሸኝ ተነሳ። የፊተኛው ወዳጅህን በምን ቀበርከው? በሻሽ፤ የኋለኛው እንዳይሸሽ።

928 መጥፎ መኪና አልነበረም፤ እንዲያውም ጎበዝ ነበር። ነገር ግን 911 ለሚገዛ ሰው 928 ሌላ መኪና እንጂ አዲስ 911 አልነበረም።

በ1981 ፉርማን ሄዶ ፒተር ሹትስ መጣ። ሹትስ በርሊን ተወልዶ፣ በልጅነቱ ቤተሰቡ ከናዚ ሸሽቶ አሜሪካ ያደገ መሐንዲስ ነው። ራሱ ደጋግሞ እንደተረከው፣ አንድ ቀን ወደ ዋናው መሐንዲስ ሄልሙት ቦት ቢሮ ገባ። ግድግዳው ላይ የሞዴሎቹ የወደፊት ዕቅድ በመስመር ተሥሏል። የ928 መስመር ወደፊት ይሄዳል፣ የ944ም ይሄዳል፤ የ911 ግን 1981 መጨረሻ ላይ ቁርጥ ይላል። ሹትስ እስክሪብቶ አነሳና የ911ን መስመር ቀጠለው። ከወረቀቱ አወጣው፣ ግድግዳው ላይ አሳለፈው፣ እስከ በሩ ወሰደው። ቦትም ገባው።

ከዚያ የሆነውን ቁጥር ይናገር። 928 በ1995 ተቋረጠ፤ በ18 ዓመት 61 ሺህ ገደማ ተሠርቶ ነበር። 911 ደግሞ በግንቦት 2017 አንድ ሚሊዮነኛው ከፋብሪካ ወጣ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ልትጥል ለጥቂት ተረፈች ማለት ይኼኔ ነው።

አሜሪካኖቹም ነበራቸው

ፖርሽ ብቻ አይደለም። ሸቭሮሌ በ1953 ኮርቬት የተባለች ቆንጆ መኪና አወጣ። መልኳ የስፖርት መኪና፣ ሞተሯ ግን የቤት መኪና ስድስት ሲሊንደር፣ ካምቢዮዋ ሁለት ማርሽ ብቻ ያለው አውቶማቲክ። በመጀመሪያው ዓመት 300፣ በሁለተኛው 3,640 ተሠርተው ብዙዎቹ ገዢ አጡ። በ1955 የተሠሩት 700 ብቻ ናቸው። ሊዘጉት ነበር። በዚያው ዓመት ግን በኤድ ኮል የሚመራው ቡድን የሠራው አዲሱ 4.3 ሊትር ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ገባላት፤ 195 የፈረስ ጉልበት። ዞራ አርኩስ ዱንቶቭ የሚባል መሐንዲስም የወጣቶቹን ልብ ያውቅ ነበርና መኪናዋን እየገራ ለዓመታት አብሯት ቆየ። ኮርቬት እስከ ዛሬ አለች። ቆርቆሮው ከተወደደ ልቡን መቀየር ያድናል ማለት ነው።

ውሃው መጣ

«እንግዲህ የድሮው አሸነፈ» ብላችሁ እንዳትዘጉት። በ1997 ፖርሽ ራሱ በአየር የሚቀዘቅዘውን ሞተር ተሰናበተ፤ የመጨረሻው በ1998 ተሠራ። አዲሱ 911 (996 የሚባለው) በውሃ የሚቀዘቅዝ፣ 3.4 ሊትር፣ 300 ፈረስ ገደማ። 118 ሚሊሜትሯ ውስጥ የቀረ ቦታ ጠቦ ነበር፣ ሕጉ ደግሞ ጠብቆ ነበር። ስለዚህ ፋብሪካው አዲስ ሞተር ሠራ፤ ድኖበታልም።

ያም ሆኖ አዲስ ሁሉ እንከን የለሽ አይደለም። የዚያ ሞተር መካከለኛ ዘንግ ላይ ያለች አንዲት ኩሽኔታ አንዳንዱ ሞተር ውስጥ እየተሰበረች ሙሉውን ሞተር ታበላሽ ነበር። ጉዳዩ አሜሪካ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2013 በስምምነት አለቀ። ያገለገለ 996 የሚገዛ ሰው እስካሁን መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለዚያች ኩሽኔታ ነው።

በሌላው ጫፍ ደግሞ በ2009 ሮብ ዲከንሰን የተባለ የቀድሞ ሮክ ዘፋኝ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲንገር የሚል ድርጅት ከፈተ። ሥራው ምን መሰላችሁ? ደንበኞች የ1990ዎቹን መጀመሪያ 911 ያመጣሉ፤ እሱ እስከ አጥንቱ አፍርሶ፣ የአየሩን ሞተር እስከ አራት ሊትር አሳድጎ፣ እንደ አዲስ ይሠራላቸዋል። የአንዷ ዋጋ ከፋብሪካ ከሚወጣ አዲስ 911 ብዙ እጥፍ ነው። ፋብሪካው ገንዘብ የለኝም ብሎ አሮጌውን ሲያሻሽል ነበር የጀመረው፤ ዛሬ አሮጌን ማሻሻል የሀብታም ጨዋታ ሆነ።

ወደ ቤታችን

እሺ፣ ከጀርመን እንመለስ። እኛ አገር ጥያቄው ሌላ ክብደት አለው። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ እንደ ዕድሜውና እንደ ሞተሩ መጠን እስከ 500 በመቶ ጣለ። በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ከውጭ ማስገባት ታገደ። ስለዚህ «አዲሱን እንግዛ» ስንል ወይ አገር ውስጥ ያለውን የሰው አሮጌ በውድ እንገዛለን፣ ወይ ኤሌክትሪኩን። «ሞተር እንቀይር» ስንልም ቀላል አይደለም። የሞተሩ ቁጥር ሊብሬው ላይ ተጽፏል፤ ሌላ ሞተር ከገባ ሊብሬውም መስተካከል አለበት።

ለቮልስ ሌላም ችግር አለ። የመጨረሻዋ በሐምሌ 2003 ሜክሲኮ ፑዌብላ ላይ ነው የተሠራችው፤ በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል። ዕቃዋ ሶማሌ ተራ ይገኛል፤ ግን የሚገኘው ሁሉ ዕቃ ነው ማለት አይደለም። ተስፋም አለ። በ2019 ቮልስዋገን ራሱ ከአንድ የጀርመን ድርጅት ጋር ሆኖ አሮጌ ቮልስ ላይ የኤሌክትሪክ ሞተርና ባትሪ ገጥሞ አሳይቷል፤ 82 የፈረስ ጉልበት። የሞተር መቀየር ነገር ገና አላለቀም ማለት ነው።

እና ጉባዔው ምን ወሰነ?

የሰበሰብነውን ሁሉ አነበብንላቸው። ጋሼም ተጠርቶ መጣ። ወንድማችን «ታዲያ ትልቁ ሞተር ይግባ?» ሲለው ጋሼ ሳቀና «ልጄ፣ መጀመሪያ ስትሄድ የምትቆም መኪና ይኑርህ» አለው። እህታችንም የሰፈሩን ደላላ ጠይቃ መጥታ ነበር። የቮልሷ ዋጋና የዕቁቡ ብር ተደምረው የሚያመጡት መኪና ሞተሩ ማን እንደነካው የማይታወቅ መሆኑን ራሷ ነገረችን። ሐቀኛ ናት።

እንዲህ ተወሰነ፦ ሞተሯ ይወርዳል። (በአራት ብሎን ነው የምትታሰረው፤ ጋሼ ቡናው ሳይበርድ አወርደዋለሁ ይላል።) ሲሊንደርና ፒስተኗ በዚያው በድሮው ልኳ ይቀየራል። ከሱ በፊት ግን ፍሬኗ ሙሉ በሙሉ ይታደሳል። የተረፈው የዕቁብ ብር ለጣሪያው ይሆናል። እማዬ እዚህ ላይ ብቻ «አሜን» አለች። ወንድማችን ተቃውሞው በቃለ ጉባዔ እንዲያዝለት ጠይቆ ተይዞለታል።

አባባ መጨረሻ ላይ ነው የተናገረው። «ብትሸጧትም አልቀየማችሁም ነበር» አለ። ቀጥሎ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ለጋሼ ሰጠው። ዝም ያለው ለምን እንደነበር ያኔ ገባን፤ እጁ ቁልፉን ለመልቀቅ ትንሽ ዘግይቶ ነበር።

እናንተስ ቤት ምን አለ? ጓሮ የቆመ ፊያት፣ ሽራ የለበሰ ላዳ? ከመሸጣችሁ በፊት አንዴ ኮፈኑን ክፈቱና ውስጡ ስንት ሚሊሜትር ቦታ እንደቀረ እዩ።

ቸር እንሰንብት!